ዳቦው የቤት ነው፣ ታዲያ ኪኒኑ ለምን?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዳቦና ስለ አንድ ቫይታሚን ነው። ሁለቱ የተገናኙበት ታሪክ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መነሻዬ አንዲት እናት የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ልጇ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ከባለቤቷ ጋር ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ አስበዋል። «ፎሊክ አሲድ ከአሁኑ ጀምሪ» ስላት ቅር አላት። «ዶክተር፣ እኛ ቤት እኮ ምግብ ከውጭ አይገዛም» አለችኝ። «ስንዴውን ለቅመን፣ አጥበን፣ አስጥተን ወፍጮ ቤት እናስፈጫለን። ዳቦውን የምጋግረው እኔ ነኝ። እንጀራችን የጤፍ ነው፣ ሽሮና በርበሬውም ከእናቴ ጓዳ ነው የሚመጣው። ኪኒን የሱቅ ምግብ ለሚበላ ሰው አይደለም እንዴ? ደግሞ ገና አላረገዝኩም!»

እውነቱን ለመናገር መልስ ለመስጠት ትንሽ ከበደኝ። ምክንያቱም «ከሱቅ ኬክ የቤት ዳቦ ይሻላል፣ ከፉርኖ ዱቄት ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ይሻላል» እያልኩ የምመክረው እኔው ነኝ። ምክሩን አሁንም አላጥፈውም። ያልተነፋ ዱቄት አሰር አለው፤ ሆዱ ለሚደርቅበት ልጅ ጥሩ ነው። ቤት ስትጋግሩ ስኳሩንና ጨዉን የምትመጥኑት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን በአንድ ጉዳይ፣ በፎሊክ አሲድ ጉዳይ፣ የፋብሪካ ዱቄት የቤቱን ሊበልጠው ይችላል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ወደ ሕንድ መሄድ አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1928 ዶክተር ሉሲ ዊልስ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም ወደ ቦምቤይ፣ ዛሬ ሙምባይ ወደምትባለው ከተማ፣ አቀኑ። ሥራቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ነፍሰ ጡር እናቶችን ስለሚገድል ከባድ የደም ማነስ ማጥናት ነበር። የእነዚህ እናቶች ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ትልልቅ ሆነው ይታያሉ። በብረት እጥረት የሚመጣው የተለመደው የደም ማነስ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሕዋሳቱን ያሳንሳቸዋል። ስለዚህ የጎደላቸው ነገር ብረት አልነበረም። ዶክተር ዊልስ ሴቶቹ ምን እንደሚበሉ ይመረምሩ ጀመር። ጓዳቸው ድሃ በሆነ ቁጥር በሽታው ይበረታ ነበር። የጎደለው ነገር ያለው ከምግብ ውስጥ መሆኑን ጠረጠሩ፤ ነገር ግን ምኑ?

በአይጦችና በዝንጀሮዎች ላይ አንዱን ምግብ ከሌላው እየለዋወጡ ሞከሩ። የጉበት ጭማቂ ሠራ፤ ችግሩ ግን ለድሃ እናት ውድ ነበር። በመጨረሻ መልሱን ያገኙት ማርማይት ከሚባል ርካሽ ነገር ነው። እንግሊዞች ዳቦ ላይ የሚቀቡት ጥቁር፣ ጨው የበዛበት ቅባት ነው። የሚሠራው ደግሞ ቢራ ከተጠመቀ በኋላ ከሚቀረው እርሾ ነው። በእኛ ቋንቋ አተላ ማለት ነው! እናቶቻችን ጠላውን ካወረዱ በኋላ ለከብት የሚሰጡት ዓይነት ዝቃጭ፣ ቦምቤይ ላይ የእናቶችን ሕይወት አተረፈ። ዶክተር ዊልስ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተሙ። እርሾው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበርና ለረጅም ጊዜ «የዊልስ ንጥረ ነገር» ተብሎ ቀረ።

ምንነቱ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አራት ቶን ስፒናች (የእኛ ቆስጣ የቅርብ ዘመድ ነው) ጨምቀው፣ አጣርተው፣ ከዚያ ሁሉ ቅጠል ጥቂት ንጥረ ነገር አወጡ። በላቲን «ፎሊየም» ቅጠል ማለት ስለሆነ ስሙን ፎሊክ አሲድ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ በሕንድ ተወላጁ ሳይንቲስት በየላፕራጋዳ ሱባራው የሚመራ ቡድን በላቦራቶሪ ሊሠራው ቻለ። ዛሬ በጤና ጣቢያ የምትቀበሉት ትንሽ ኪኒን ከዚያ ሥራ የመጣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፎሊክ አሲድ የእናት ደም መድኃኒት ብቻ ነበር። ከሕፃኑ ጀርባ ጋር ያገናኘው ሌላ ታሪክ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አንብቡልኝ።

ፅንስ ገና የሰሊጥ ፍሬ ሊያክል ሲቃረብ፣ ወደፊት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል እንደ ጠፍጣፋ ሊጥ ነው። ቀስ በቀስ ይታጠፋል፤ ሳምቡሳ ስትጠቀልሉ ጠርዝና ጠርዙን አገናኝታችሁ እንደምታጣብቁት ሁሉ፣ ሁለቱ ጠርዞች ተገናኝተው ቱቦ ይሆናሉ። ይህ የነርቭ ቱቦ ይባላል። ታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው ነው። ብዙዎቹ ልጆች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ አንዳንዶቹ እግራቸው ይደክማል፣ ሽንትና ሰገራቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ላይ በኩል ካልተዘጋ ደግሞ አንጎሉ በወጉ አይፈጠርም፤ ሕፃኑም አይተርፍም።

ቱቦው ተዘግቶ የሚያልቀው ከጽንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። ቁጥሯን አስሏት፤ እናትየው የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። ብዙዋ ሴት በዚያን ጊዜ «ድካም ነው፣ ጉንፋን ነው» እያለች ይሆናል። የእርግዝና ክትትል ካርድ የምታወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዷ ከወራት በኋላ። ለዚህ ነው «ገና አላረገዝኩም» ላለችኝ እናት «ጊዜው አሁን ነው» ያልኳት።

ምክንያቱ ሳይታወቅ በፊት እናቶች በብዙ ነገር ይጠረጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ጄምስ ሬንዊክ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ችግሩን የሚያመጣው የተበላሸ ድንች ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ነፍሰ ጡሮች ድንች ፈርተው ተዉ። በኋላ ሲጣራ ድንቹ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዛሬም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት «ምን በላሽ? ምን ረገጥሽ? ምን አየሽ?» ተብላ በጎረቤትና በዘመድ ትመረመራለች። እባካችሁ ተዉአት። ጥፋት አልሠራችም።

ትክክለኛው ፍንጭ የመጣው ከሊቨርፑል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኤልዛቤት ሂባርድና ሪቻርድ ስሚዘልስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለዱ እናቶች ፎሊክ አሲድ አጠቃቀማቸው ላይ ጉድለት እንደሚታይ ጻፉ። ስሚዘልስ ቫይታሚን በመስጠት መከላከል ይቻል እንደሆነ መሞከር ፈለጉ። አንዱን ቡድን ቫይታሚን፣ ሌላውን ባዶ ኪኒን በዕጣ ሰጥቶ ማወዳደር ነበር ሐሳባቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ግን ለከፊሎቹ እናቶች ባዶ ኪኒን መስጠቱን አልፈቀዱም። ስለዚህ ያለ ዕጣ ሠሩት፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲያቀርቡ ጥሩ ነበር፣ ግን ብዙ ሐኪም አላመነም። «ቫይታሚኑን የወሰዱት ድሮም ራሳቸውን የሚጠብቁ እናቶች ይሆናሉ» ተባለ። በኔ ግምት ሁለቱም ወገን ቅን ነበር፤ ቢሆንም ክርክሩ ሲረዝም ዓመታት አለፉ፣ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ልጆች ይወለዱ ነበር።

ጥርጣሬውን የቆረጠው የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያካሄደው ትልቅ ጥናት ነው። በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት፣ 1,817 ሴቶች ተሳተፉ። ሁሉም ከዚያ በፊት በዚህ ችግር የተጎዳ እርግዝና የነበራቸው ናቸው። በዕጣ ተመድበው ከፊሉ ፎሊክ አሲድ ወሰዱ፣ ከፊሉ አልወሰዱም። እ.ኤ.አ. በ1991 ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ፤ ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ መቀጠሉ ተገቢ አልነበረም። ችግሩ በ27 እርግዝናዎች ላይ ተከስቶ ነበር፦ 21ዱ ካልወሰዱት፣ 6ቱ ከወሰዱት ወገን። ፎሊክ አሲድ 72 በመቶ ያህል ተከላክሏል ማለት ነው። አብረው የተሞከሩት ሌሎቹ ቫይታሚኖች ይህን አላደረጉም። በቀጣዩ ዓመት ከሃንጋሪ የወጣ ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት ምንም ችግር ያልገጠማቸው እናቶችም ከእርግዝና በፊት ቢጀምሩ እንደሚጠቅማቸው አሳየ።

አሁን ወደ ዳቦው እንመለስ። ሐኪሞች «ከማርገዛችሁ በፊት ውሰዱ» ማለት ጀመሩ። ግን ማን ያውቃል መቼ እንደምታረግዝ? ብዙ እርግዝና ሳይታቀድ ይመጣል። ስለዚህ «ኪኒኑ ወደ እናቶች ካልደረሰ፣ እናቶች በየቀኑ የሚበሉት ነገር ውስጥ እናስገባው» ተባለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1998 ጀምሮ በበለጸጉ የእህል ምርቶች ውስጥ፣ በነጭ ዱቄት፣ በፓስታ፣ በሩዝ፣ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገደደች። በዚህ ምክንያት በዓመት ወደ 1,300 የሚጠጉ ሕፃናት ከዚህ ችግር ነጻ ሆነው እንደሚወለዱ የአገሪቱ የጤና ተቋም ይገምታል። ጣዕሙም ቀለሙም አልተለወጠም፤ በላተኛው አላወቀም። የሚገርመው፣ ትልቁን ጥናት የመራችው ብሪታኒያ ራሷ ዱቄቷን ለማበልጸግ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሠላሳ ዓመት!

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን የቶርቲያ ጉዳይ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮና የማዕከላዊ አሜሪካ ተወላጆች እንደ እንጀራችን በየዕለቱ የሚበሉት ከበቆሎ የሚጋገር ቂጣ ነው። ለዚህ ቂጣ በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ማሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሕጉ ሲወጣ ስንዴው ተካተተ፤ ማሳ ግን ተረሳ። እነዚህ እናቶች ምግባቸውን ስላልተዉ፣ የቅድመ አያቶቻቸውን ቂጣ ቤታቸው ስለጋገሩ፣ ቫይታሚኑ ሳይደርሳቸው ቀረ። በእነርሱ ዘንድ ችግሩ ከሌላው ሕዝብ ከፍ ብሎ ቆየ። ማሳ ውስጥ እንዲጨመር የተፈቀደው ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ያውም በፈቃደኝነት። ካሊፎርኒያ አስገዳጅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

እዚህ ላይ «ማሳ» የሚለውን አውጥታችሁ «ጤፍ» ብትተኩበት የማንን ታሪክ እያነበባችሁ እንደሆነ ይገባችኋል።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች፤ ስንዴ ዱቄት ውስጥ ከሚጨመሩት አንዱ ፎሊክ አሲድ ነው። ጥሩ እርምጃ ነው። ነገር ግን ይህ የሚመለከተው የፋብሪካ ዱቄትን ነው። ወፍጮ ቤት ያስፈጫችሁት ስንዴ ውስጥ ማንም ምንም አልጨመረም። ጤፉ ውስጥም፣ ገብሱ ውስጥም፣ በቆሎው ውስጥም እንዲሁ። የፋብሪካ ዱቄት ስትገዙም «የበለጸገ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ከረጢቱ ላይ ፈልጉ። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ የምትገዙት የጤፍ ዱቄትና ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ፎሊክ አሲድ እንደማይጨመርበት እወቁ፤ ማሸጊያው ላይ «ኤንሪችድ» የሚለውን ቃልና ፎሊክ አሲድ መጠቀሱን ተመልከቱ። በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ደግሞ ማበልጸግ ግዴታ አይደለም።

«ታዲያ የድሮ እናቶቻችን እንዴት ወለዱ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወለዱ። ከወለዷቸው መካከል ያልተረፉትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

ምግባችን ባዶ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ በኩል የጾም ገበታችን የሚመሰገን ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን ጥሩ የፎሌት ምንጭ ናቸው። ፎሌት ከምግብ የሚገኘው የቫይታሚኑ ዓይነት ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 350 ማይክሮግራም ገደማ አለው። ነገር ግን በትሪ ላይ ከሌላ ወጥ ጋር ቀርቦ እናትየዋ የምትደርሳት ምስር ስንት ማንኪያ ነው? ልጆቹና አባትየው ከበሉ በኋላ የተረፈውን የምትጠርገውስ ማን ናት? በተፈጥሮ ከምግብ የሚገኘውን ደግሞ ሰውነታችን ከኪኒኑ ባነሰ መጠን ነው የሚጠቀመው። ይህ ቫይታሚን ሙቀት አይወድም፣ ውሃም ውስጥ ይሟሟል። ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ፣ ጨምቃችሁ ውሃውን ስትደፉት ብዙው አብሮ ይደፋል። በትንሽ ውሃ አብስሉት፤ የተረፈውን ውሃ ወጡ ውስጥ መልሱት። ዳቦውም እርሾ ስላለው ጥቂት ፎሌት አለው፤ ምጣዱ ላይ ሲውል ግን የተወሰነው ይጠፋል።

የሳምንት ዕቅድ ማውጣት ለሚከብዳችሁ እኔ አንድ ቀላል ልማድ ነው የምመክረው። ምን እንደምትሠሩ ከማሰባችሁ በፊት «ዛሬ ጥራጥሬው የቱ ነው? ቅጠሉስ የቱ ነው?» በሉ። ሰኞ ምስርና ቆስጣ ከሆነ፣ ማክሰኞ ሽሮና ጎመን ይሁን፤ ረቡዕ ባቄላ እሸት ካለ እሱ። ቅዳሜ ዳቦ የምትጋግሩ ከሆነ ቁርስ ላይ ከአቮካዶ ጋር ይቅረብ። ሥጋና እንቁላል እንደ አቅማችሁ ይጨመራሉ። እናትየዋ ድርሻዋን አስቀድማ ታውጣ። ይህን የምለው ለባሎችም ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ኪኒኑ ይቀራል? አይቀርም። ልጅ ልትወልድ የምታስብ ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ ቢያንስ ከእርግዝናው አንድ ወር በፊት፣ ቢቻል ሦስት ወር በፊት ትጀምር፤ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በየቀኑ ትውሰድ። ከዚያ በኋላ በክትትል ላይ የሚሰጣትን ትቀጥል፤ በክትትል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ብረትና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ ያለበት ነው። ከዚህ በፊት በዚህ ችግር የተጎዳ እርግዝና ያጋጠማት፣ የስኳር ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እናት መጠኑ ለየት ሊልና በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላልና ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን በራሷ እንዳታቋርጥ! ከእንስሳት ተዋጽኦ ለረጅም ጊዜ የራቀች፣ እጅና እግሯን የሚያደነዝዛት ሴትም አስቀድማ ትመርመር፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ካለባት ፎሊክ አሲድ ደሟን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ሊደብቀው ይችላል። ኪኒኑን በትክክል ወስዳም ይህ ችግር ያለበት ልጅ የምትወልድ እናት አለች፤ ኪኒኑ ብዙውን ይከላከላል፣ ሁሉንም አይደለም።

ያቺ እናት ይህን ሁሉ ሰምታ ሳቀችና «እንግዲያው ፈጭቼ ሊጡ ውስጥ ብጨምረውስ? ቤተሰቡ ሁሉ ይበላዋል» አለችኝ። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ፋብሪካዎቹ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ግን የእነርሱ ማሽን ጥቂት ግራሙን በብዙ ኩንታል ዱቄት ውስጥ እኩል ይበትነዋል። በእጅ የተቦካ ሊጥ ውስጥ አንዱ ቁራሽ ብዙ፣ ሌላው ምንም ላይኖረው ይችላል። ከብረት ጋር የተቀላቀለ ኪኒን ከሆነ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች አደገኛ ነው። ስለዚህ ዳቦውን እንደ ወትሮው ጋግሩ፤ ኪኒኑን ለብቻው በውሃ ዋጡ። እንዳይረሳችሁ ዱቄቱና እርሾው ካለበት አካባቢ አስቀምጡት፤ ልጆች ግን የማይደርሱበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ክዳኑም ይጠበቅ።